ክረምት የመሰከረለት ግንበኛ

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሐይቅ ሲገቡ፣ ወሩ ጥቅምት ከሆነ በየሰፈሩ የድንጋይ ቁልል፣ የአሸዋ ክምርና አጣና ያያሉ። ዝናቡ አባርቷል፤ ቤቱን የሚያድስ ሁሉ ግንበኛ ፍለጋ ወጥቷል። ብዙ ሰው ታዲያ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት አይቶ ይዋዋላል። ቀለሙ የቀቢው ሙያ ነው፤ የግንበኛው ሙያ የሚለየው ክረምት ሲያልፍበት ነው።

ስለዚህ «ዘንድሮ የሠራኸውን አሳየኝ» አይበሉት። «ከሦስት ክረምት በፊት የሠራኸው የት ነው?» ይበሉት። ሐይቅም ሆነ በዚያው መንገድ ያለው ውጫሌ ሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ በሥራው የሚተማመን ደጃፉ ድረስ ይወስድዎታል። ሰበብ ከደረደረ እዚያው ይሰናበቱት።

ቤቱ ዘንድ ሲደርሱ የበሩንና የመስኮቱን ጥግ ይዩ። ከጥጉ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ መስመጡን ይናገራል። እንደ ፀጉር ቀጥኖ የተበተነው ግን ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ ነው፤ ነውር ቢሆንም ቤት አይጥልም። በሩን እስከ ግማሽ ከፍተው ይልቀቁት፤ በራሱ ከሄደ መቃኑ ሲቆም ቱንቢ አላየም። ልስኑን በጣትዎ ያንኳኩ፤ እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ ከግድግዳው ለቅቋል። የጭቃ ቤት ከሆነ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ እስኪል ያለውን ይመርምሩ፤ ምስጡ የሚጀምረው፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃም የሚረጨው እዚያ ነው።

ግንበኛው ወደ እርስዎ ግቢ ሲመጣ ደግሞ አፉን ትተው እጁን ይመልከቱ። እኔ ያጋጠሙኝ ሽማግሌ ግንበኛ ዋጋ ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም። ከጓሮው ጭብጥ አፈር አንሥተው፣ በውሃ ለውሰው፣ በመዳፋቸው መሐል አሹት። አፈሩ ሳይበጠስ እንደ ክር ቀጠነ። «ዋልካ ነው ልጄ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቤትህንም አብሮ ያነሣዋል፣ አብሮ ያወርደዋል። ዋጋውን ጥልቀቱን ካየን በኋላ እንነጋገራለን» አሉ።

አሸዋውንም እንዲሁ ይፈትኑ። ሃይላንድ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ ጨምረው፣ ውሃ ሞልተው ይነቅንቁት። ሲረጋ ከላይ ወፍራም ደለል ከተኛ ያ አሸዋ ሲሚንቶዎን ይበላል። ይህን አይቶ «ግድ የለም» የሚል፣ ሲሚንቶና አሸዋን በሳጥን ሳይለካ በአካፋ ግምት የሚያቦካ፣ የለሰነውን ለቀናት ውሃ ሳያጠጣ የሚሄድ ሰው ርካሽ አይደለም፤ ሒሳቡን ለከርሞ ያቆየው ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ክፍያው ሥራውን ይከተል፦ መሠረት ሲወጣ፣ ግድግዳ ሲቆም፣ ቆርቆሮ ሲመታ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጭ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ከመሬቱ ጠባይ ለሚመጣው ጉዳት ጭምር። ሽማግሌው አፈሩን ያሹት ሕጉን አንብበው አይመስለኝም፤ ግን የተገናኙት አንድ ቦታ ነው።

ከመፈራረምዎ በፊት ያንን የሦስት ክረምት ቤት ባለቤት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «ጣሪያው ሲያፈስ ጠርተውት መጣ?»