የቃል ምንጭና የመጽሐፍ ምንጭ፤ ስለ ግእዝ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የቀረቡ አስተያየቶች ሲመረመሩ

የግእዝ መጽሐፍ ቅዱስ ከየትኛው ቋንቋ ተተረጐመ የሚለው ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንባቢ በእጁ የያዘውን ንባብ ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባና፥ ሁለት ብራናዎች ሲለያዩ በየትኛው ሚዛን እንደሚመዝናቸው የሚወሰነው በዚሁ መልስ ነው።

ኢግናትሲዮ ጉዊዲ በ1888 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የወንጌልን ትርጉም ከሶርያ መጡ ከሚባሉት መነኮሳት ጋር አያያዙት። አርቱር ቮቡስ ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን አጠንክረው፥ ከግእዙ ወንጌል በስተኋላ የጥንት ሱርስት ንባብ እንዳለ አስተማሩ። ለዚህ አስተያየት ድጋፍ ሆነው ከቈዩት አንዱ ሃይማኖት፥ ኦሪት፥ ጣዖት፥ ምጽዋትና ገሃነም የመሰሉት ቃላት ከአራማይስጥ ወገን መሆናቸው ነው።

ይህን ድጋፍ በብርቱ ያናወጡት ፖሎትስኪ በ1964 ባወጡት ጽሑፍ ነው፤ እነዚህ ቃላት ከክርስቲያኖች ሱርስት ይልቅ ለአይሁድ አነጋገር እንደሚቀርቡ አመለከቱ። የነገሩን ክብደት ለማየት «ገሃነም» ብቻ ይበቃል። በጽርእ «ጌኤና» ይባላል፤ «ሀ»ም «ም»ም የለበትም። በሱርስት «ጊሃና» ነው፤ «ሀ» አለው፥ «ም» ግን የለውም። «ጌ ሂኖም» ከሚለው የዕብራይስጥ ስም የተገኘው የአይሁድ አነጋገር ግን ሁለቱንም ይዟል። «ምጽዋት»ም እንዲሁ ነው፤ በዕብራይስጥ ትእዛዝ ማለት ሲሆን በአይሁድ ዘንድ ለድኻ የሚሰጠውን እስከ መሰየም ደርሷል፤ በግእዝ የገባውም በዚህ በሁለተኛው ፍቺ ነው። ስለዚህ የማቴዎስን ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው የቃሉን ጥንተ ትርጕም ይዞ «ትእዛዝ» ብሎ ቢፈታ ሥሩን ያውቃል እንጂ ንባቡን አያውቅም።

ሆኖም የፖሎትስኪ ማስረጃ ከሚችለው በላይ ሊጫንበት አይገባም። ቃል የመጣበትን ወገን ያመለክታል እንጂ የመጣበትን ዘመን አይናገርም፤ ቃሉን ያመጡት አይሁድ ይሁኑ ወይስ ከአይሁድ ወገን የሆኑ ክርስቲያኖች ከመልኩ አይታወቅም። ከዚህም በላይ ተርጓሚ በሕዝቡ አፍ ያገኘውን ቃል ይጠቀማል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ገሃነም» ስለ ተባለ መጽሐፉ ከዕብራይስጥ ተተረጐመ የሚል የለም። የቃል ምንጭ ሌላ፥ የመጽሐፍ ምንጭ ሌላ ነው፤ የሱርስቱን አስተያየት ያዳከመውም ሁለቱን እንደ አንድ መቍጠሩ ነው።

መጽሐፉ ራሱ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሌላ ነው። ኢየሱስ፥ ዮሐንስ፥ ኢሳይያስ፥ ኤርምያስ የሚሉት ስሞች በጽርእ መድረሻ በ«ስ» ይጨርሳሉ፤ በሱርስት ግን ይሹዕና ዮሐናን ነበሩ። የመዝሙሩ አቈጣጠርም የሰባ ሊቃናትን ይከተላል። ስሞች በቅዳሴና በንግግር ሊገቡ ስለሚችሉ ብቻቸውን አይበቁም፤ ይልቁን የሚያስረዳው ተርጓሚው አንዱን የጽርእ ቃል ከሚመስለው ሌላ የጽርእ ቃል ጋር ያሳሳተበት ስፍራ ነው፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ጽርእን በሚያነብ ሰው እንጂ በሌላ አይደርስምና። ዙርሞንድ በ1989 የማርቆስን ወንጌል ከብራናዎች አስተያይተው ሲያሳትሙ፥ ኒብም በ1999 ስለ ብሉይ ኪዳን ሲጽፉ፥ የመጀመሪያውን ትርጉም ምንጭ ጽርእ አድርገውታል።

ከዚህ በኋላ የመታመን ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። የአባ ገሪማ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ ሲመደቡ፥ በእጅ ያሉት የብሉይ ብራናዎች ግን በብዛት ከ14ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተጻፉ ናቸው፤ በመካከሉም ንባቡ በዐረብኛ መጻሕፍት እየታየ ታርሟል። እንግዲህ በኋለኛ ብራና የዐረብኛ ጠባይ መገኘቱ የመጀመሪያውን ተርጓሚ አያስነቅፍም፤ የአራሚውን እጅ ያሳያል እንጂ። ንባቡን የሚያምንም የሚጠራጠርም ሰው፥ ከመፍረዱ በፊት የተርጓሚውን፥ የአራሚውንና የጸሐፊውን ሥራ ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል።