ስለ ገንዘብ ጭንቅና ስለ መምህራን ስንብት፤ የብሉምፊልድ ኮሌጅ ፍርድ ሲመረመር

በአሜሪካን አገር ስለ ኮሌጅ መምህራን የጅምላ ስንብት ክርክር በተነሣ ቁጥር የብሉምፊልድ ኮሌጅ ስም ይጠራል። የሚጠራበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ኮሌጁ ገንዘብ አጠረኝ ብሎ መምህራኑን ሲያሰናብት ሁለት የጎልፍ ሜዳ ያለበት ሰፊ ርስት በእጁ ነበር የሚል ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ለመናገርም ይጥማል። ሆኖም መምህራኑ እስከ መጨረሻው የረቱት በጎልፉ ሜዳ አይደለም። ይህን ለይቶ አለማየት የመምህራንን ማኅበራት ወደ ደካማው ክርክር ስለሚመራቸው ፍርዱን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ብሉምፊልድ በኒው ጀርሲ የሚገኝ ትንሽ የግል ኮሌጅ ነበር። በ1868 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጀርመንኛ ተናጋሪዎች ሰባክያንን ለማሠልጠን ያቋቋሙት ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የተማሪው ቁጥር እየቀነሰ፣ ወጪውም ከገቢው እየበለጠ ሄደ። በጁን ወር 1973 የኮሌጁ ቦርድ 13 ቋሚ መምህራንን አሰናበተ፤ የቀሩትም መምህራን፣ ቋሚ የነበሩት ጭምር፣ በአንድ ዓመት ውል ብቻ እንዲሠሩ ወሰነ። ቋሚ መምህር የሚባለው የሙከራ ዘመኑን ጨርሶ፣ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራው እንዳይነቀል መብት ያገኘ ነው። መብቱ የተሰጠው ለመምህሩ ምቾት ሲባል ብቻ አይደለም፤ ያጠናውንና ያመነበትን አለቃውን ሳይፈራ እንዲያስተምር ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ተማሪውንም ይነካል፤ ለእንጀራው የሚሠጋ መምህር የሚያስተምረው ትምህርት የተመጠነ ይሆናልና።

የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበር ከኮሌጁ መምህራን ጋራ ሆኖ ክስ አቀረበ። ይህ በ1915 የተመሠረተው ማኅበር ከኮሌጆች ማኅበር ጋራ ተስማምቶ በ1940 ባወጣው መግለጫ፣ ቋሚ መምህር በገንዘብ ጭንቅ ምክንያት የሚሰናበተው ጭንቁ ከወትሮው የተለየ ሲሆን ነው ይላል፤ ስንብቱም በቅን ልቦና የተደረገ መሆኑ በማስረጃ መታየት አለበት። ብሉምፊልድ ይህንኑ ሐሳብ በራሱ መተዳደሪያ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ከዚህም ጋራ አንድ ብልህ ቃል ተጨምሮበታል፤ እንዲህ ያለ ከባድ ቅነሳ የሚያስገድድ ችግር በደረሰ ጊዜ፣ ልዩ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር፣ በሌላ በኩል ሠራተኛ ማብዛት አይቻልም የሚል ነው።

ጉዳዩን በመጀመሪያ ያየው ዳኛ አንቴል በ1974 ለመምህራኑ ፈረደ፤ ወደ ሥራቸውም እንዲመለሱ አዘዘ። ዳኛው በሐተታው ኖል ስለሚባለው ርስት ብዙ አትቷል። ኮሌጁ ይህን ከ300 ኤከር በላይ የሆነ መሬት በ1960ዎቹ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የገዛው ሲሆን፣ በዳኛው አስተያየት ችግሩ የእጅ ገንዘብ ማጣት እንጂ ድኽነት አልነበረም፤ መሬቱን ቢሸጥ ይቃለል ነበር። በዝና የቀረው ይህ ክፍል ነው።

በ1975 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህን ክፍል አልተቀበለውም። መሬት ይሸጥ ወይስ ይቆይ የሚለው የኮሌጁ አስተዳዳሪዎች ጉዳይ ነው፤ የገንዘብ ጭንቅ እንደነበረም በቂ ማስረጃ አለ አለ። እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ መምህራኑ የተረቱ ይመስለዋል። ፍርድ ቤቱ ግን የታችኛውን ፍርድ አጸና፤ ጭንቅ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ስንብቱ በእርግጥ ስለዚያ ጭንቅ በቅን ልቦና መደረጉ ሌላ ነገር ነው፤ ኮሌጁም ይህን ሁለተኛውን አላስረዳም በማለት ነው።

ለምን አላስረዳም ቢባል፣ መልሱ ከጎልፉ ሜዳ ይልቅ በመምህራኑ መዝገብ ላይ ይገኛል። ኮሌጁ 13ቱን ባሰናበተበት ጊዜ ቋሚነት የሌላቸው 12 አዳዲስ መምህራን ቀጠረ። የቀሩትንም መምህራን ቋሚነት መሻር በራሱ ከደመወዙ አንድ ሳንቲም አይቀንስም። በአገራችን ተረት፣ ሊበላት የመጣው ጅብ ምክንያት ሲያበዛባት አህያይቱ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው ይባላል። የይግባኙ ፍርድ ቤት ቁም ነገርም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፤ ጅቡ በእርግጥ ተርቦ ሊሆን ይችላል፤ ረኃቡ ግን ያቀረበውን ምክንያት እውነት አያደርገውም።

ማኅበሩ ራሱ ከዚህ ፍርድ የወሰደው ትምህርት ሙሉ ነው ለማለት ያስቸግራል። በ1976 ባወጣው ደንብ የገንዘብ ጭንቅን ሲተረጉም የተቋሙን ሕልውና በጠቅላላው የሚያሰጋና ከስንብት ባነሰ መንገድ ሊቃለል የማይችል ቀውስ ነው አለ። ሁለተኛው ሐረግ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ግን ክርክሩን መልሶ ወደ ድኽነት መጠን ይወስደዋል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ የሒሳብ መዝገቡን የያዘው አስተዳደሩ ነው። በ2013 ትርጓሜው ተሻሽሎ የትምህርቱን ደኅንነት ከመሠረቱ የሚጎዳ ከባድ የገንዘብ ቀውስ ወደሚል ሰፋ። የሚለካው አሁንም ቀውሱ ነው፤ ቀውሱና ስንብቱ የተያያዙበት ገመድ የሚመረመረው በሁለተኛ ደረጃ ነው።

የውል ቃል ምን ያህል እንደሚወስን በኦሃዮ የሚገኘው የአክሮን ዩኒቨርሲቲ ያሳያል። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ወደ 100 የሚጠጉ የማኅበሩ አባላት የሆኑ መምህራንን ሥራ ሲሰርዝ፣ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ የነበረውን ከዓቅም በላይ የሆነ ችግር የሚል አንቀጽ ጠቀሰ፤ የተራ ቅነሳን ሥርዓት እንዳይከተል አንቀጹ ፈቀደለት። ማኅበሩ ለገላጋይ ዳኛ አቤት ቢል ዳኛው ለዩኒቨርሲቲው ወሰነ። በብሉምፊልድ የማስረዳቱ ሸክም በኮሌጁ ላይ ነበር፤ በአክሮን አንድ አንቀጽ ሸክሙን አቀለለው። ማኅበሩ በሰላሙ ጊዜ ያን አንቀጽ ሲፈርም ምን አስቦ ይሆን?

ብሉምፊልድ በ2023 ከሞንትክሌር ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተዋሕዶ ራሱን የቻለ ኮሌጅ መሆኑ ቀርቷል። ይህን አይቶ ቦርዱ በ1973 እውነቱን ነበር የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ግን በመካከሉ ኀምሳ ዓመት አለ፤ 13ቱን ማሰናበትና 12 መቅጠር ኮሌጁን እንዴት ያድነው እንደነበረ ይህ አያስረዳም።

በፍርዱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ሌላ ነው። የሚጠብቀው ቋሚነትን አስቀድሞ ያገኘውን ብቻ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ኮሌጆች ከሚያስተምሩት የሚበዙት ቋሚም፣ ወደ ቋሚነት በሚወስደው መንገድ ላይም ያሉ አይደሉም፤ ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ዓመት ይዋዋላሉ፣ ውሉም ሲያልቅ አለመታደሱ ብቻ ይበቃል። ለዚህ የገንዘብ ጭንቅን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቅን ልቦናውንም የሚመረምር ዳኛ እምብዛም የለም። ብሉምፊልድ በአንድ ቀን ውሳኔ ሊያደርገው ሞክሮ የተከለከለውን የአንድ ዓመት ውል፣ ሌሎች ኮሌጆች በጡረታ የወጣውን ቋሚ መምህር በቋሚ ባለመተካት ቀስ በቀስ ፈጽመውታል።