ጋዝ ከመሙላት በፊት

አገር ቤት ሰው ጋቢ በሚደርብበት ሐምሌ የሪያድ ሙቀት 45 ዲግሪ ይደርሳል። በከተማዋ ባዲዓ ሠፈር የቤት ጣሪያ ላይ ያን ጊዜ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። የኤሲ ጠጋኝ ሥራ ግን እዚያው ጣሪያ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊው ባለሙያ መሰላሉን ሳይወጣ በሩን የምትከፍትለት የአገሩ ልጅ የአሠሪዎቿን ትእዛዝ ታደርሰዋለች፤ "ወንድሜ፣ የመብራቱ ክፍያ ንሮባቸዋል። ጋዝ ይሙላልን ብለዋል።"

በዚህ ሙያ ብዙ ሪያል የፈሰሰው በዚህች ትእዛዝ ነው። ኤሲ ጋዝን እንደ ነዳጅ አቃጥሎ አይጨርስም፤ ጋዙ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ሞልቶ ሂሳብ ተቀብሎ መሄድ ነውር ነው። ሳይጎድል መጨመር ደግሞ ይብሳል፤ ግፊቱ ያይላል፣ ኮምፕረሰሩ የሚስበው አምፔር ይጨምራል፣ ክፍያውም እንደገና ይንራል።

ጠንቃቃ ባለሙያ ከቆጣሪው ይጀምራል። ብሬከሮቹን ሁሉ ያጠፋል። ቆጣሪው ያን ጊዜም ከቆጠረ ከብሬከር ሳጥኑ በፊት የተቀጠለ መስመር አለ፤ የጥበቃ ክፍል ወይም ጣሪያ ላይ የተሠራች ቤት ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እየመለሰ ሽቦውን በክላምፕ ሜትር ይለካል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 18 ሺህ ቢቲዩ የሆነ ተራ ስፕሊት ሲሠራ 2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ኮምፕረሰሩ በቀን 18 ሰዓት ከዞረ በወር 1,080 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በጎርጎርሳውያኑ 2018 በወጣው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እስከ 6,000 ኪሎዋት ሰዓት አንዱ በ18 ሀላላ (የሪያል ሳንቲም) ይታሰባል፤ ከዚያ የሚያልፈው በ30። 15 በመቶው ታክስ ሲታከል ያ አንድ ኤሲ 224 ሪያል ያህል ያስከፍላል። አምስት ሲሆኑ 5,400 ኪሎዋት ሰዓት በልተው ቤቱን ድንበሩ ጫፍ ላይ ያቆሙታል። ፍሪጁና የውሃ ማሞቂያው ድንበሩን ያሻግሩታል። ከ2018 በፊት የመጀመሪያዎቹ 2,000 በ5 ሀላላ ይሸጡ ስለነበር የዚያን ዘመን ክፍያ የሚያስታውስ አባወራ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ጣሪያው ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ጥፋተኛ አቧራ ነው። የበረሃው ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አሸዋ በኮንደንሰሩ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ቅጠሎች መሃል ገብቶ ይጋገራል፤ ከቤት የወጣው ሙቀት መውጫ ያጣል፤ ኮምፕረሰሩ ያንኑ ሥራ በብዙ አምፔር ይሠራል። በኃይለኛ ግፊት ማጠብ ቅጠሎቹን ያጣምማል። ውሃውን በለሰለሰ ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ መልቀቅ ይሻላል። ሁለተኛው ጥፋተኛ ካፓሲተር ነው። በሙቀት የደከመ ካፓሲተር የውጭውን ማራገቢያ ያዘገየዋል፤ ማራገቢያው ስለሚዞር ዓይን ደህና ነው ይላል፣ አምፔሩ ግን እውነቱን ያወጣል። ዕቃው ርካሽ ነው። አንዳንድ ጣሪያ ላይ ደግሞ ኤሲዎቹ ተጠጋግተው አንዱ የተፋውን ትኩስ አየር ሌላው ይስበዋል፤ ይህን ጋዝም እጥበትም አይፈውሰውም፣ ቦታ መቀየር ነው።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ይወርዳል። ኤሲው የሚስበውንና የሚነፋውን አየር በቴርሞሜትር ያነጻጽራል። እዚህ ላይ ከጅዳ የመጣ ባለሙያ ይሳሳታል። በጅዳ ወበቅ የኤሲው ጉልበት ከፊሉ እርጥበቱን ወደ ውሃ በመቀየር ያልቃል። በደረቁ ሪያድ ግን ጉልበቱ ሁሉ ለማቀዝቀዝ ስለሚውል ልዩነቱ መስፋት አለበት፤ በጅዳ ደህና የሚባለው 9 ዲግሪ በባዲዓ ጥርጣሬ ሊያጭር ይገባል።

ክፍያው በታኅሣሥና በጥር ከናረ ነገሩ ሌላ ነው። "ሃር ባሪድ" (ሙቅ ቀዝቃዛ) የሚባሉት፣ በብርድ ጊዜ የሚያሞቁት ኤሲዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዑደቱን ገልብጦ ከውጭው አየር ሙቀት ያስገባል፤ ለአንድ ኪሎዋት መብራት ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ሌላው ውስጡ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግል ሽቦ ነው፤ ለአንዱ አንድ ብቻ ይመልሳል። ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ክላምፕ ሜትሩ ነው።

በሙቀቱ ወራት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው "ሰኻን"፣ የመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ማሞቂያ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ስለሚፈላ ቀዝቃዛ የተባለው ቧንቧ ራሱ ያቃጥላል፤ ማሞቂያው ግን ከብርዱ ወራት ጀምሮ እንደበራ ነው። ባለሙያው ብሬከሩን ያጠፋና በማግስቱ ቀዩን ቧንቧ እንዲከፍቱ ይነግራቸዋል። ኤሲ ባለበት ቤት ውስጥ፣ በጠፋው ማሞቂያ ያደረው ውሃ ከታንከሩ ከሚወርደው ይቀዘቅዛል።