ሳይቀላ የተሸጠ ቡና

«ሶብር አድርግ» የሚለው ቃል በየቤታችን በቀን ስንት ጊዜ ይነገራል? ልጅ ሥራ ሲያጣ፣ ጋብቻ ሲዘገይ፣ ዕቁብ ሳይደርስ ሲቀር ይህንኑ እንላለን። ቃሉ ያማረ ነው፤ አነጋገራችን ግን መመርመር አለበት። መታገሥ በሚገባን ቦታ እንቸኩላለን፤ መጠየቅ በሚገባን ቦታ ደግሞ «ሶብር» ብለን እንተኛለን።

እስቲ ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ እንውረድ። እዚያ ቡና የተከለ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል። አበባው ከፈነዳ በኋላም ፍሬው እስኪደርስ ስምንት ዘጠኝ ወር ይፈጃል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሁሉ እኩል ስለማይቀላ፣ ለቃሚው ቀዩን እየመረጠ፣ አረንጓዴውን እየተወ፣ ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል። ጀንፈል እንዲሆን የተሰጣውም ፀሐይ ላይ እየተገላበጠ ሳምንታት ይቆያል፤ መድረቁ የሚታወቀው ሲነቀንቁት ውስጡ ሲንኳኳ ነው። ይህ ሰው ትዕግሥትን ከእኛ አይማርም።

ታዲያ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ሙልጭ አድርጎ የሚያወርደው ለምንድን ነው? «ስግብግብነት ነው» ብለን እናልፋለን። አንዳንዱ እውነትም ስግብግብ ነው። ብዙውን ግን የሚያስቸኩለው ጎተራው ባዶ የሆነበት ክረምትና ሌባ ይቀድመኛል የሚል ስጋት ነው። ከዚያም የባሰው አለ፤ ቡናው ገና በአበባው ሳለ ለባለ ገንዘብ በርካሽ ተሽጧል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ መድረሱ ሳይታይ እንዳይሸጥ ሻጩንም ገዢውንም ከልክለዋል። መድረሱ በምን ይታወቃል ለሚለው አነስ (ረ.ዐ.) የሰጡት ምላሽ «ሲቀላ» የሚል ነበር። (ለቡና ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም!) አላህ ፍሬውን ቢከለክል የወንድምን ገንዘብ በምን ምክንያት ይወስዱታል? የክልከላው ምክንያት ይኸው ነው። የቅድሚያ ክፍያ በር ግን ፈጽሞ አልተዘጋም። ዋጋው ወዲያው ከተከፈለ፣ ስፍሩ፣ ሚዛኑና ቀኑ ከታወቀ፣ ውሉም በአንድ ዛፍ ፍሬ ላይ ካልተንጠለጠለ ይፈቀዳል። ስለዚህ ገበሬውን «ለምን ቸኮልክ?» ከማለታችን በፊት ያስቸኮለውን ውል ማየት ነበረብን።

ሌላም አለ። ገበሬው እሸቱን አስረክቦ ሒሳቡን ሲጠይቅ «ነገ ና» ይባላል፤ ነገ ሲመጣ «ከነገ ወዲያ»። ለሽማግሌ ሲናገር ደግሞ «ሶብር አድርግ፣ አላህ ያመጣዋል» ይመከራል። አላህማ አምጥቶት ነበር፤ ገንዘቡ የተቀመጠው በነጋዴው ኪስ ነው! መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማጓተቱ ግፍ መሆኑ በሐዲሥ ተነግሯል። ሱረቱል በቀራህ 280 ላይ ጊዜ ይሰጠው የተባለውም የተቸገረው ባለ ዕዳ ነው። እኛ ገልብጠን ይዘነዋል፤ ድኻው ሀብታሙን ይጠብቃል። ከእናንተ መካከል ቡና የሚነግድ ካለ፣ ይህ ነገር ከማንም በፊት የሚመለከተው እርሱን ነው።

ሽማግሌዎቻችን በዚህ ጊዜ የነቢዩላህ ያዕቁብን (ዐ.ሰ.) ያማረ ትዕግሥት ማንሳት ይወዳሉ። ደግ አደረጉ። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያንብቡልን። በሐዘን ብዛት ዓይናቸው የነጣው እኚያ አባት፣ ሱረቱ ዩሱፍ 87ኛው አንቀጽ ላይ፣ ከአላህ እዝነት ተስፋ ሳይቆርጡ ሄደው ዩሱፍንና ወንድሙን እንዲፈልጉ ልጆቻቸውን ሲልኩ እናገኛቸዋለን።