ስካውቱ ያልጻፈው መጽሐፍ

ዋልያን በስሙ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን በእርሱ ስም እንጠራዋለን፤ ቢራም ጠምቀንበታል። እንስሳው ግን በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር ሌላ አገር የለውም። ይህን እንስሳ በብርድ ውስጥ ሲጠብቅ ስለኖረው ሰው ያለን ዕውቀት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ስለ ፓርክ ጠባቂ ማንበብ የፈለገ አንባቢ የውጭ ቋንቋ መቻል አለበት፤ ችሎ ሲያነብም በአብዛኛው የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው። ለመሆኑ የፓርክ ጥበቃ ሥራ በመጻሕፍት ውስጥ እንዴት ተሣለ? ማንስ ከሥዕሉ ውጪ ቀረ? በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ እኔን የሚመለከተኝ በአንባቢነት ብቻ አይደለም። ለጥቂት ዓመታት በአንድ ብሔራዊ ፓርክ በመስክ ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ስለዚህ መጽሐፍን ከመጽሐፍ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጋርም እያስተያየሁ ለመናገር እደፍራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ አገር ፓርክ ላይ ከተጻፉት የዋርደን ትዝታዎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው የሲ. ደብሊው. ኒኮል መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ የወጣው በ1971 ሲሆን፣ ርዕሱ በአማርኛ «ከአፍሪካ ጣሪያ» ሊባል ይችላል። ኒኮል በ1940 በዌልስ የተወለደ ሰው ነው። በካናዳ ሰሜናዊ በረዶ ምድር ተመላልሷል፤ ወደ ጃፓን ሄዶ ካራቴ ተምሯል፤ ከዚያም በ1967 የስሜንን ፓርክ ለማቋቋም በዋርደንነት ተቀጥሮ መጣ። ሁለት ዓመት ሠርቶ በ1969 ሥራውን ለቀቀ። ፓርኩ በሕግ የታወጀውም በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ መጽሐፉ የሚተርከው ሕጉ ገና በእጅ ሳይገባ ሕግ ለማስከበር ስለተላከ ወጣት ነው ማለት ይቻላል።

መጽሐፉ ደካማ መጽሐፍ አይደለም። ደራሲው ለቦታ ዓይን አለው። ገደሉ፣ ጉሙ፣ ጓሳው፣ ጅባራው በቃላቱ ውስጥ ይታያሉ። ሳንቃበር ላይ ሠፈሩን ሲተክል፣ ጠባቂዎች ሲቀጥር፣ ደን መንጣሪውን ሲያሳድድ፣ ከባለሥልጣን ጋር ሲጨቃጨቅ ትረካው አይጎተትም። ይህን ሁሉ የጻፈው ለዋልያ ከልቡ ስለተቆረቆረ መሆኑን አልጠራጠርም። በዚያን ዘመን ስለ ዋልያ የሚጮህ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንጠራው ስም ብቻ በቀረን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ ያለው በትረካው አወቃቀር ላይ ነው። መጽሐፉ አንድ ጀግና ብቻ አለው፤ እርሱም ተራኪው ነው። ተራራው ሰፊ ገለጻ ያገኛል። ገበሬው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ትረካው የሚገባው መጥረቢያ አንሥቶ ወይም ሞፈር ይዞ፣ ማለትም ጥፋት ሲሠራ ነው። ከዚያ በፊት የት ነበር? ያ ተዳፋት መሬት በማን እጅ ቆየ? ገብሱ ባይዘራ ቤተሰቡ ምን ይቀምሳል? ትረካው እነዚህን ጥያቄዎች ለማንሳት ጊዜ የለውም። ኒኮል ሰው ጠል ነው ማለቴ አይደለም። ዳሩ ግን በልብ ወለድ ውስጥ አንድን ገጸ ባሕርይ ክፉ ሲሠራ ብቻ የሚያሳይ ደራሲ ቢኖር፣ ገጸ ባሕርይህ ጎዶሎ ነው ብለን እንተቸዋለን። በትዝታ መጽሐፍ ሲሆን ለምን ዝም እንላለን?

ይህ አሣሣል የኒኮል የግል ፈጠራ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ጀርመናዊው በርንሐርድ ግርዚሜክ ከልጁ ከሚካኤል ጋር «ሴሬንጌቲ አይሞትም» የተባለውን ፊልምና መጽሐፍ በ1959 አወጣ። ልጁ ሥራው ሳያልቅ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ፊልሙ ግን በ1960 ኦስካር ተሸለመ። በዚያ ሥራ ውስጥ ያለው እምነት ግልጽ ነው፤ ብሔራዊ ፓርክ ማለት ሰው፣ የአገሬው ተወላጅም ቢሆን፣ የማይኖርበት ምድር ነው። ማሳዮችም በዚያው በ1959 ከሴሬንጌቲ እንዲወጡ ተደርጓል። የሟች ልጅ ኀዘን፣ ከሰማይ የተነሡ መንጎች፣ ሰፊ ሜዳ፤ ተመልካች ይህን ሁሉ አይቶ በምድሩ ላይ ቤት መኖሩን ቢረሳ አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላ የመጣ የዋርደን መጽሐፍ ሁሉ ይብዛም ይነስም የዚህ ፊልም ዘመድ ነው።

«መጽሐፍ መጽሐፍ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ በስሜን ታሪክ ውስጥ አለ። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ላሊበላም አብሮት ነበር። በእርስ በርሱ ጦርነት ዓመታት ሠራተኞቹ ሥራቸውን ለቅቀው ወጡ፤ በ1996 ደግሞ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። እርሻውና ግጦሹ ይቀንስ፣ ሰዉ ይነሣ የሚለው ምክር ዓመታት ተደጋገመ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ ወደ ደባርቅ ተዛወረ። በተከታዩ ዓመት፣ በ2017፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። መጽሐፍ ብቻውን መንደር አያስነሣም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ባዶ ተራራ ያማረ ተራራ ነው የሚለውን ሥዕል በውሳኔ ሰጪዎች ዓይን ላይ የሣለው ማን ነው? ከስብሰባና ከሪፖርት በፊት ፊልሙና መጽሐፉ ነበሩ።

ይህንን ሥዕል ፊት ለፊት የተጋፈጠው ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን ነው። በ2020 በፈረንሳይኛ፣ በ2022 በእንግሊዝኛ የወጣው መጽሐፉ «አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ» ስለሚለው ነገር ይተነትናል። ከክርክሩ ውስጥ ልብ የሚነካው አንድ ንጽጽር ነው። በፈረንሳይ የሴቬን ተራሮች በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የተመሰገነው በዚያ የሚያርሰውና ከብት የሚያረባው ሰው ነው። በስሜን ግን ያው ማረስና ያው ማርባት እንደ ጥፋት ተቆጠረ። የአውሮፓ ገበሬ ተራራውን ሠራው፣ የአፍሪካ ገበሬ ግን አጠፋው የሚባለው በምን ሚዛን ነው? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ከ50 ዓመት በፊት መጠየቅ የነበረበት ነው።

ሆኖም ብላንን አንብቤ ስጨርስ ቅር ያለኝ ነገር አለ። በኒኮል መጽሐፍ ውስጥ ኢትዮጵያዊው ጠባቂ የዋርደኑ ተከታይ ነበር። በብላን መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ክብደቱ በዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በመንግሥት ላይ ስለወደቀ ያው ጠባቂ የትእዛዝ አስፈጻሚ ወደ መሆን ያዘነብላል። አንዱ ያወድሳል፣ ሌላው ይከሳል፤ በሁለቱም ዘንድ ግን ሰውየው ለራሱ የሚያስብ ሰው ሆኖ በበቂ አይታይም። እኔ የማውቀው የመስክ ሥራ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም።

የመስክ ሥራ እንደሚባለው ማሳደድ አይደለም። አብዛኛው መቁጠር፣ መመዝገብና መነጋገር ነው። ቆጠራ ሲሆን ማለዳ፣ ጀምበር ሳትጠነክር፣ እያንዳንዱ ሰው በተመደበለት ቦታ ይቆማል። ሰዓቱን፣ የእንስሳውን ጾታና ግምት ዕድሜውን፣ የሄደበትንም አቅጣጫ ይጽፋል፤ አንዱ እንስሳ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው። ዲግሪ ያለው ባለሙያ በመነጽር የሚፈልገውን፣ ስካውቱ ባዶ ዓይኑን አጥብቦ ቀድሞ ያየዋል። ከቆጠራ መልስ ቢሮው ደጃፍ ላይ ዝንጀሮና ከርከሮ ሰብሉን የበላበት ገበሬ ቆሞ ይጠብቃል። አቤቱታውን እንጽፋለን፤ ካሣ የምንከፍልበት ደንብ ግን በእጃችን አልነበረም። ጽፎ ማስፈረም ብቻ! ያን ሰው በማግሥቱ «ከብትህን ከፓርኩ አውጣ» ለማለት ምን ዓይነት ፊት ያስፈልጋል?

ስካውቱ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነገር ነበረበት። እኔ ከከተማ የመጣሁ ነኝ፤ ቢመረኝ ዝውውር እጠይቃለሁ። እርሱ የተቀጠረው ከሥር ካለው መንደር ነው። የሚይዘው በሬ የጎረቤቱ ወይም የዘመዱ ነው። አንድ ስካውት አጎቱን እንዲህ ሲላቸው ሰምቻለሁ፤ «አጎቴ፣ በሬዎቹን ዛሬ ያውጡልኝ። ነገ ከአለቃ ጋር ስመጣ ካገኘኋቸው ማለፍ አልችልም።» አጎትዬውም «አንተን ያሳደገህ የእነዚህ በሬዎች እናት ወተት ነው» ብለው መለሱለት፤ በሬዎቹን ግን አወጡ። ይህ ሕግ ማስከበር ነው ወይስ ሕግ መጣስ? ጀግንነት ነው ወይስ አድልዎ? የዋርደን ትዝታ ለዚህ ስም የለውም። ምርምሩም ቢሆን በሠንጠረዥ ውስጥ አያገኘውም። ሥራው የሚሠራው ግን በዚህ ነው፤ በደመወዝና በዝምድና መካከል፣ በየቀኑ በሚደረግ ድርድር።

የኒኮል የኋላ ሕይወት ራሱ ለዚህ ምስክር ይሆነኛል። ወደ ጃፓን ተመልሶ በ1995 ዜግነቱን ወሰደ፤ በ2020 እስኪሞትም እዚያው ኖረ። በናጋኖ ተራሮች የተተወ ደን ገዝቶ አዳነው። ያዳነው አጥር አጥሮ ሰው በማስወጣት አልነበረም፤ ከአካባቢው የደን ሰዎች ጋር ሆኖ የተጨናነቀውን ዛፍ በማሳሳት፣ በመንከባከብ ነው። በስሜን መጥረቢያን በጠላትነት የሣለው ደራሲ፣ በጃፓን መጥረቢያ ሲያውቁበት ደን እንደሚያድን በተግባር አሳየ። ስሜንና ናጋኖ አንድ አይደሉም፤ የሕዝቡ ብዛት፣ የድህነቱ መጠን፣ የእንስሳው ብርቅነት ይለያያል። ቢሆንም ጥያቄ ይቀራል። በናጋኖ የደኑን ሰው ጠይቆ የተማረውን ያህል፣ በስሜን ገበሬውን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት መጽሐፍ በጻፈ ነበር?

የውጭ ሰዎቹን ብቻ መውቀስ ግን ቀላል መንገድ ነው። እነርሱ ቢያንስ ጽፈዋል። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ገበሬውን፣ ወታደሩን፣ ተማሪውን፣ ቄሱን፣ ባለሥልጣኑን ደጋግሞ ተርኳል። የፓርኩ ስካውት ግን ከልብ ወለዶቻችን መካከል ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ አልገጠመኝም። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ታማኝነት የሚጣሉበት ታሪክ ፈልጎ የሚቸገር ደራሲ ካለ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ጊዜውም አይጠብቅም። ፓርኩ ከታወጀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያኔ የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ስካውት ዛሬ 70ን አልፏል። የሚያውቀው ነገር በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ ሙሉውን አልሰፈረም፤ ከመንደር የተነሡት ሰዎች ትዝታም እንደዚሁ። አንድ ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች ወደ ደባርቅ ሄደው፣ ጡረታ የወጣውን ጠባቂና ከግጭ የተነሣውን አባወራ ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢያናግሩ የሚወጣው መጽሐፍ ለኒኮልም ለብላንም መልስ ይሆናል። እኔ ያንን መጽሐፍ ገዝቼ ለማንበብ፣ ደካማ ከሆነም በዚሁ ገጽ ላይ ለመተቸት ዝግጁ ነኝ።