ከሞት በኋላ የሚጻፍ ዘገባ፤ የሎርድ ላሚንግ ምርመራና ለትምህርት ቤት ያለው ቁም ነገር

ሎርድ ላሚንግ የመሩት ምርመራ በቪክቶሪያ ክሊምቢ አሟሟት ላይ ያቀረበው ዘገባ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ታትሞ ወጣ። ዘገባው 108 የማሻሻያ ሐሳቦችን የያዘ ሲሆን፣ ስለ ሕፃናት ጥበቃ በሚጻፉ ጽሑፎች ዘንድ ደጋግሞ ይጠቀሳል። ብርታቱንና ጉድለቱን ለይቶ መመርመር ለመምህራንም ለዕቅድ አውጪዎችም ይጠቅማል።

ቪክቶሪያ ከኮትዲቯር ወደ ፈረንሳይ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1999 ከአንዲት ዘመዷ ጋር ወደ ለንደን የመጣች ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በ8 ዓመቷ ስትሞት በአካሏ ላይ 128 ጉዳቶች ተቆጠሩ። ያሳድጓት የነበሩት ሁለት ሰዎች በነፍስ ግድያ ተፈርዶባቸዋል። ይሁን እንጂ ምርመራው ልጅቱን ለማዳን ይቻልባቸው የነበሩ ቢያንስ 12 አጋጣሚዎች በከንቱ ማለፋቸውን አረጋግጧል። በሆስፒታል ቁስሏ እከክ ያመጣው ነው ተባለ፤ በኋላም ይኸው እከክ እንዳይጋባ በመፍራት ወደ ቤቷ ሊደረግ የታሰበው ጉብኝት ቀረ።

የዘገባው ብርታት ጥፋቱን በበታች ሠራተኞች ላይ ብቻ አለመጣሉ ነው። ሕጉ በመሠረቱ ደኅና መሆኑን፣ የጎደለው አፈጻጸሙ መሆኑን ገልጦ፣ ተጠያቂነቱ እስከ ከፍተኛ ኀላፊዎች እንዲደርስ ጠይቋል።

ጉድለቱ የሚታየው ከመፍትሔው ላይ ነው። ጉዳዩን የያዘችው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ በ7 ወራት ውስጥ ቪክቶሪያን ያየቻት 4 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጊዜው ሁሉ ተደምሮ ከ30 ደቂቃ አልበለጠም። ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት መመሪያ ማብዛት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ቅጽ የሚሞላበት ሰዓት ከልጁ ጋር ከሚያሳልፉት ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነውና። ፕሮፌሰር አይሊን መንሮም እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት የግምገማ ዘገባ የሕፃናት ጥበቃ ሥራ ከልጁ ይልቅ ሥነ ሥርዓቱን ወደ መከተል ማዘንበሉን አስረድተዋል።

ትምህርት ቤትን በቀጥታ የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። በፈረንሳይ ትማርበት የነበረው ትምህርት ቤት ከክፍል መቅረቷ ስለ በዛ ልጅቱ አደጋ ላይ ሳትሆን እንዳልቀረች ለባለሥልጣኖች አስታውቆ ነበር። በለንደን ግን በኖረችባቸው 10 ወራት ገደማ በአንድም ትምህርት ቤት አልተመዘገበችም። በየቀኑ ስሟን የሚጠራ፣ መቅረቷን የሚያስተውል መምህር አልነበራትም ማለት ነው።

ስለዚህ የስም መጥሪያው መዝገብ ለቁጥር ማሟያ ብቻ የሚያዝ ወረቀት አይደለም። መምህሩ የቀረውን ልጅ «ለምን ቀረ?» ብሎ ሊጠይቅ፣ ልጁንም ለብቻው አቅርቦ ሊያነጋግር ይገባል። ዕቅድ አውጪውም በተራው ለዚህ ሥራ የሚበቃ ጊዜ ከመምህሩ የሥራ ድልድል ውስጥ ሊመድብ ይገባዋል። ይህ ካልሆነ የሚቀጥለውም ዘገባ የሚጻፈው እንደ ቀደመው ሁሉ ከቀብር በኋላ ይሆናል።