ከሳጥኗ ወዲህ፣ ከሳጥኗ ወዲያ

ቦርሳዬ ውስጥ ከሁሉ የምሳሳላት መሣሪያ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ5 ዶላር የገዛኋት የገመድ ስልክ ናት። ስክሪን የላትም፣ ባትሪ የላትም፣ ሶኬት አትፈልግም። የ2 እና የ5 ቁልፎቿ ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። ከላፕቶፑ በፊት እሷን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ የቤቱ ልጆች ይስቃሉ። “ይቺማ ሙዚየም ነው መግባት ያለባት” ያለኝም አለ። ይሳቁ። ስልክ አልሠራ ባለበት ቤት መጀመሪያ የማምነው እሷን ነው።

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ቤቶችን እየዞርኩ የኢንተርኔት የቤት ስልክ አስተካክላለሁ። ሁሉም ሞባይል በያዘበት ዘመን የቤት ስልክ ማን ይፈልጋል የሚለኝ ብዙ ነው። እናቶች ይፈልጋሉ። ሃያ ዓመት ያልተቀየረ፣ የዕድሩም የማኅበሩም ሰው፣ አገር ቤት ያለችው እህትም በቃሏ የያዘችው ቁጥር አላቸው። ልጆች የወሩ ሒሳብ ሲከብዳቸው ያንኑ ቁጥር ወደ ኢንተርኔት ያዛውሩታል፤ አንዲት ትንሽ ሳጥንም በፖስታ ትመጣለች። ወረቀቱ ላይ ስሟ አዳፕተር ነው፤ ቤት ውስጥ ግን “ሳጥኗ” ነው የምትባለው። ከራውተሩ አጠገብ ትሰካለች፣ የገመድ አልባው ስልክ ዋና ማስቀመጫ ከእሷ ጋር ይያያዛል፣ የቀሩት መነጋገሪያዎች በየክፍሉ ቻርጀራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ሲሠራ ማንም አያስታውሳትም።

ሳይሠራ ሲቀር የሚደርሰኝ ቃል አንድ ነው፦ “ልጄ፣ ስልኩ እምቢ አለ።”

የኔ ሥራ የሚጀምረው እምቢ ያለው የትኛው ስልክ እንደሆነ ከመለየት ነው። መነጋገሪያው ከማስቀመጫው ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ነው። ማስቀመጫው ከሳጥኗ ጋር በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፤ ሳጥኗ ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ። ከራውተሩ በኋላ ሞደሙ፣ ከሞደሙ በኋላ የኢንተርኔቱ ኩባንያ፣ ከዚያም ወዲያ የስልክ አገልግሎቱ ኮምፒውተር አለ። ለእማማ ይሄ ሁሉ “ስልኩ” ነው፤ አልተሳሳቱም። እኔ ግን ከመሀል መቁረጥ አለብኝ፤ የምቆርጠውም ሁለቱ ሽቦዎች ላይ ነው። የማስቀመጫውን ገመድ ከሳጥኗ እነቅልና አሮጌዋን ስልክ እሰካለሁ። ያን ጊዜ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፦ ችግሩ ከሳጥኗ ወዲህ ነው ወይስ ከሳጥኗ ወዲያ?

ያቺ ሳጥን ሥራዋ ማስመሰል ነው። ድሮ የስልክ ጣቢያው በሽቦ ይልከው የነበረውን ሁሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብላ ትሠራዋለች። ስልኩ ተዘግቶ ሲቀመጥ ሽቦው ላይ 48 ቮልት ገደማ ትይዛለች፤ ሲነሣ ወደ ጥቂት ቮልት ይወርዳል፤ መነሣቱንም የምታውቀው በዚያ ነው። ለጥሪ ደግሞ በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚመላለስ፣ በድሮው መስመር እስከ 90 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ትለቃለች። የተላጠ ሽቦ በጣቴ ይዤ ሳለ የደወለ ሰው ነበር። ማን እንደነበረ ረስቼዋለሁ፤ ንዝረቱን ግን አልረሳሁትም። የአሮጌዋን ስልክ እጀታ ሳነሣ “ቱ...” የሚለው ድምፅ ከመጣ ሳጥኗ በሕይወት አለች ማለት ነው። ያም ሆኖ ድምፁን ብቻ አምኜ አልቀመጥም፤ ከአገልግሎቱ ጋር ሳይገናኝ “ቱ...” የሚል ሳጥንም አለ። ወደ ሞባይሌ እደውላለሁ፣ ከሞባይሌም መልሼ እደውላለሁ።

ሁለቱም ካለፉ ችግሩ ከሳጥኗ ወዲህ ነው፤ ቀላልነቱም ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። አሌክሳንድሪያ አንድ ቤት “ባትሪው አንድ ሰዓት አይቆይም” ተብዬ ሄድኩ። ልጃቸው ባትሪውን ሁለት ጊዜ ቀይሮታል። ሳሎን ገብቼ ሳይ ሁሉም ነገር ዳንቴል ለብሷል፤ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ክንድ፣ ራውተሩ ሳይቀር። ቻርጀሩም በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል አለው፤ ጫፉ ታጥፎ ወደ ጎድጓዳው ገብቶ ከሥር ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች ሸፍኗቸዋል። መነጋገሪያው ከላይ አምሮበት ተቀምጧል እንጂ ብረቱን አልነካም።

“እማማ፣ ሲያስቀምጡት ጢጥ ይላል?”

“ድሮ ይል ነበር፤ ኋላ ተወው።”

ዳንቴሉን በመቀስ ልቁረጠው ለማለት አልደፈርኩም። አዙሬ አነጠፍኩትና ጢጥ አለ። ሌላ ቤት ደግሞ መነጋገሪያው ምድጃ አጠገብ ከርሞ ብረቶቹ በቅቤና በሽንኩርት ጢስ ጠቁረው ነበር፤ የእርሳስ ላጲስ አጸዳቸው። ባትሪው እውነት ያረጀበትም ቤት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ትንንሽ፣ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት የሆኑ ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ናቸው። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ባትሪም ልክክ ብሎ ይገባል፤ ጣጣው ያ ነው። ቻርጅ ሊደረግ አልተሠራምና ቻርጀር ላይ ሲከርም አፍስሶ መነጋገሪያውን ይበላዋል።

ዋይፋዩ ስልኩን በጠበጠው የሚሉኝ ልጆች አሉ። ስልኩ የድሮው ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም ይበጠብጠዋል። አሁን በብዛት የሚሸጠው ግን “ዴክት 6.0” የሚል የተጻፈበት ነው። 6ቷ የገበያ ስም ናት እንጂ ጊጋኸርዝ አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ባለው ላይ ይሠራል፤ ከዋይፋይ ጋር አይገናኝም። እግረ መንገዴን፣ ይህንኑ ስልክ በሻንጣ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ስጦታ አድርጋችሁ አትውሰዱ። እዚያ ይሄው ሞገድ የ3ጂ ሞባይል ነው።

የደዋዩ ቁጥር አይታየኝም የሚል አቤቱታም አለ። እዚህ አገር ቁጥሩ የሚላከው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥሪ መሀል ባለችው ጸጥታ ነው። አንዲት እናት ገና አንዴ ሲጮህ ያነሡታል፤ ቁጥሩ መድረሻ የለውም። “ሁለተኛውን ይጠብቁ” ስላቸው “ከአገር ቤት ከሆነስ? ቢዘጋብኝስ?” አሉኝ። እሱን መጠገን የኔ ሥራ አይደለም።

ከሳጥኗ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ የሠራሁት ስሕተት እስካሁን ይቆጨኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አንዲት እናት በየምሽቱ በስልክ የሚደረግ የጸሎት ጉባኤ አላቸው፤ ብዙ ሰው በአንድ ቁጥር ገብቶ ተራ በተራ ያነባል። “እኔ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ፤ የኔ ተራ ሲደርስ ግን ‘ድምፅዎ ይቆራረጣል’ ይሉኛል” አሉኝ። መልሱ እዚያው ነገራቸው ውስጥ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም። የሄድኩት በቀትር ስለሆነ ስሞክረው ድምፁ እንደ ውኃ ይፈስሳል። መነጋገሪያው ይሆናል ብዬ ማስቀመጫውን ከፍሪጅ ላይ አነሣሁት። አልዳነም። ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ ማይክሮፎኑ ነው ብዬ አዲስ ስልክ አስገዛኋቸው። በማግሥቱ ምሽት ደወሉልኝ፤ እሳቸው ምንም አላማረሩም፤ “አዲሱም እንደ አሮጌው ነው” ብቻ አሉ።

በሦስተኛው ጊዜ በምሽት ሄጄ ጉባኤው እስኪጀመር ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ወደ ውጭ የምልከው መልእክት ደርሶ ለመመለስ 20 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ደህና ነው። የልጅ ልጃቸው ከሥራ ገባ፣ እጅ ነሥቶ ወደ ክፍሉ ወጣ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ 20 የነበረው 300 ሆነ፣ 600 ሆነ፣ ከ900 አለፈ። ሞባይሉ ቤቱ ሲደርስ ዋይፋዩን ያገኝና ቀኑን ሙሉ የተነሣውን ቪዲዮ በሙሉ አፕሎድ ማድረግ ይጀምራል። ልጁ ራሱ አያውቅም።

ድምፅ ትንሽ ነገር ነው። በየ20 ሚሊሴኮንዱ እየተቆረጠ በሴኮንድ 50 ፓኬት ሆኖ ይሄዳል፤ ከነመጠቅለያው በሴኮንድ 90 ኪሎቢት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በሰዓቱ መድረስ አለበት። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአንድ አቅጣጫ የሚመክረው መዘግየት እስከ 150 ሚሊሴኮንድ ነው። የቤት ኢንተርኔት ደግሞ ብዙ ጊዜ መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ነው። የእማማ ጸሎት እንደ ባጃጅ ከሃያ አይሱዙ ኋላ ተሰልፎ ቆሞ ነበር። የሚገባው ድምፅ መንገዱ ክፍት ስለሆነ እሳቸው ጥርት አድርገው ይሰማሉ፤ መጀመሪያ ቀን የነገሩኝም ይህንኑ ነው። ራውተሩ ላይ አፕሎዱን ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጌ ወሰንኩት፣ ሳጥኗንም ቅድሚያ ሰጠኋት። የስልኩን ዋጋ ልመልስ ብል አልቀበል አሉኝ፤ “ደወሉ ደስ ይላል” ብለው።

አንድ ወገን ብቻ የሚሰማበት ግን ሌላም ምክንያት አለው። ጥሪው ይገባል፣ ይነሣል፣ ከዚያ አንዱ “ሄሎ! ሄሎ!” ሲል ሌላው ዝም። ጥሪ የሚያገናኘው መልእክትና ድምፁ የሚሄዱት በየራሳቸው መንገድ ነው፤ መልእክቱ ውስጥ “ድምፁን ወደዚህ አድራሻ ላኩልኝ” የሚል አለ። አንዳንድ ራውተር ላግዝ ብሎ ያንን አድራሻ በራሱ ይለውጠዋል፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ራውተሩ ውስጥ “ሲፕ ኤ.ኤል.ጂ” የምትባል ምርጫ ካለች አጠፋታለሁ፣ ሳጥኗን ከሶኬት ነቅዬ መልሼ እሰካለሁ፤ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ያበቃል።

እኛ ቤቶች ውስጥ ግን ማንም መመሪያ ላይ ያልጻፈው አንድ ችግር አለ፦ ቁጥሩ። ከአሜሪካ ወደ ውጭ ለመደወል መነሻው 011 ነው። የአዲስ አበባ ኮድም 011 ነው፤ ከውጭ ሲደወል ግን ዜሮዋ ትቀራለች። ስለዚህ ትክክለኛው 011፣ 251፣ 11፣ ከዚያ ሰባቱ ቁጥሮች ነው። አንዳንዱ ሙሉውን 011 ደግሞ ያስገባዋል። አንዳንዱ ደግሞ “011ን አንዴ ደውዬው የለም?” ብሎ ከ251 ቀጥታ ወደ ሰባቱ ያልፋል። ክርክሩ ትክክል ይመስላል፤ ስልኩ ነው እምቢ የሚለው። ሳጥኗም የራሷ ጠባይ አላት። የውጭ አገር ቁጥር ርዝመቱ ስለማይታወቅ፣ መጨረሻው ይሆን ብላ ጥቂት ሴኮንድ ትጠብቃለች። በዚያ ዝምታ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል! ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ የመሰላሉን ምልክት መጫን ብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ ጥበቃውን ያስቀራል።

ከዚህ የባሰው 0911 ነው። አንድ አባት የወንድማቸው ሞባይል በ0911 ይጀምራል። ልጃቸው በስልክ “ዜሮዋን ይተዉአት” ብሎ አስረድቷቸዋል። ዜሮዋን ተዉና ከዚያው ጀመሩ፦ 911። አገር ቤት ፖሊስ 991 ስለሆነ ምንም አልጠረጠሩም። ሳጥኗ ለ911 ጥበቃ የላትም፤ የድንገተኛ አደጋ ሠራተኛዋ ወዲያው አነሣች። ጋሼ ደንግጠው ዘጉት። ከ911 መልሰው ደወሉላቸው፤ ጋሼ አላነሡም። ፖሊስ ተላከ፤ ነገር ግን የሄደው ከአራት ዓመት በፊት ወደለቀቁት አፓርታማ ነበር።

ይህን ስሰማ የሳቅሁት ግማሹን ብቻ ነው። የኢንተርኔት ስልክ የት እንዳለ የሚታወቀው ባለቤቱ ባስመዘገበው አድራሻ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኩባንያዎቹ ለ911 አድራሻ እንዲይዙ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ቤት ሲቀየር ግን አድራሻውን መቀየር የሰው ድርሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደየትኛውም ቤት ስገባ፣ የጠሩኝ ለባትሪ እንኳ ቢሆን፣ 933 እደውላለሁ፤ በብዙዎቹ አገልግሎቶች የተመዘገበውን አድራሻ በድምፅ ያነብልኛል። የተሳሳተ አድራሻ ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ።

ባለፈው ክረምት ዳንቴሉ ቤት እንደገና ተጠራሁ። ነፋስ ዛፍ ጥሎ ሰፈሩ መብራት አጥቶ አድሯል፤ እማማም ሌሊቱን ሙሉ ስልክ አልነበራቸውም። “አገር ቤት እኮ መብራት ቢጠፋም ስልክ አይጠፋም ነበር” አሉኝ። እውነት ነው፤ የድሮው የገመድ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከጣቢያው በራሱ ሽቦ ነበር። እዚህ ግን ሳጥኗም፣ ራውተሩም፣ ማስቀመጫውም ሶኬት ይጠብቃሉ። ሞደሙን፣ ራውተሩንና ሳጥኗን አንድ ላይ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መጠባበቂያ ባትሪ ላይ አያያዝኩላቸው። ለመሞከር አሮጌዋን ስልኬን ሰካሁ፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቀልኩ፣ እጀታውን አንሥቼ ሰጠኋቸው።

“ቱ ይላል” አሉ። ከዚያ ቀና ብለው “ይቺ ቻርጅ አትፈልግም?”

“አትፈልግም እማማ።”

“እንግዲያው ይቺ እዚህ ትቅር።”

ለሥራ የምፈልጋት መሆኗን ላስረዳ ስጀምር ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በእጃቸው ትንሽ፣ አዲስ፣ ልክ ለእሷ የተሠራች የምትመስል ዳንቴል ይዘዋል። ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ መሸጫው ሄጄ ሌላ ፈልጌ ነበር፤ 8 ዶላር ገብታለች።